905 ሁለት ጊዜ፦ የሴናተር ስኮት ዊነር የሰፈር ሕጎች

በካሊፎርኒያ ሴኔት የረቂቅ ሕግ ቁጥር በየሁለት ዓመቱ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ስለዚህ ቁጥር ይደጋገማል። በ2018 ሴኔት ረቂቅ 905 የሚባለው መጠጥ ቤቶች ሊነጋ ሲል ድረስ እንዲሸጡ የሚፈቅድ ነበር። አገረ ገዢው ሳይፈርሙበት መለሱት። በ2024 ደግሞ 905 የሚባለው የመኪና መስታወት ሰብረው የሚሰርቁ ሌቦችን መክሰስ የሚያቀል ነበር። ይሄኛው ተፈረመ። የሁለቱም አቅራቢ አንድ ሰው ናቸው፤ የሳን ፍራንሲስኮው የስቴት ሴናተር ስኮት ዊነር። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዊነርን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በትልልቁ ጉዳይ ነው። በ2024 የኤአይ ኩባንያዎችን ለመቆጣጠር ያቀረቡት ረቂቅ ከአሜሪካም ውጪ ብዙ አነጋግሯል። እሱም በቪቶ ቀረ። እኔን የሚስበኝ ግን ትንሽ ትንሹ ነው። ዛፍ፣ የተሰበረ መስታወት፣ የመጠጥ ቤት መዝጊያ ሰዓት፣ የመኪና ፍጥነት። ሰው ከቤቱ ሲወጣ የሚገጥመው ነገር። እነዚህን ረቂቆች ከ2011 ጀምሮ ደርድረን ስናያቸው "ስንት አጸደቁ?" የሚለው ጥያቄ ብዙ አይነግረንም። የወደቀው ረቂቅ በዓመቱ ምን ያህል አንሶ ተመለሰ? እሱ ነው ሰውየውንም የስቴቱን ሕግ አውጪዎችም የሚያሳየው።

ዊነር ጠበቃ ናቸው። በከተማው የሕግ ቢሮ ሠርተዋል። በ2010 ተመርጠው የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ምክር ቤት ገቡ። የወከሉት 8ኛውን ወረዳ ነው፤ ካስትሮን፣ ኖዌ ቫሊንና አካባቢውን። ካስትሮ በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ሰፈርነቱ የታወቀ ነው፤ ዊነርም የዚያው ማኅበረሰብ አባል ናቸው።

እዚያ ካስትሮና ማርኬት ጎዳናዎች የሚገናኙበት ላይ ጄን ዋርነር ፕላዛ የምትባል ትንሽ አደባባይ አለች። ወንበርና ጠረጴዛ ተደርድሮባታል። ልብሳቸውን አውልቀው ፀሐይ የሚሞቁ ወንዶች ቦታዋን ለመዷት። በ2011 ዊነር ቀለል ያለ ሕግ አመጡ፤ ራቁቱን ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ከስሩ የሆነ ነገር ያንጥፍ፣ ምግብ ቤት ሲገባ ይልበስ። አዎ፣ ይህ በወግ በወጉ ሕግ ሆኖ ወጥቷል። ቅሬታው ግን አልበረደም። በ2012 ጭራሹኑ የሚከለክለውን አቀረቡ። በኖቬምበር 6 ለ 5 አለፈ። ድምፁ ሲቆጠር እዚያው አዳራሹ ውስጥ ልብሳቸውን ያወለቁ ተቃዋሚዎች ነበሩ። ለመጀመሪያ ጥፋት ቅጣቱ እስከ 100 ዶላር ነው። እንደ ፕራይድ ያሉ ፈቃድ የተሰጣቸው ሰልፎችና ፌስቲቫሎች ግን ከክልከላው ውጪ ሆኑ። ይህ ባይጨመርበት ኖሮ ስድስተኛው ድምፅ ባልተገኘ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ነጻ ኑሮ በሚሰበክበት ሰፈር እንዲህ ያለ ክልከላ ማውጣት ድፍረት ይጠይቃል። ነገር ግን ስልክ ደውለው የሚያማርሩት የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው የዊነር መራጮች ናቸው።

በ2014 ደግሞ ከሌሎች የምክር ቤት አባላት ጋር ሆነው በስኳር መጠጦች ላይ ቀረጥ ለሕዝበ ውሳኔ አቀረቡ። በአንድ አውንስ 2 ሳንቲም። ገንዘቡ ለተወሰነ ሥራ ብቻ ይውላል ተብሎ ስለተጻፈ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገው ነበር። ከግማሽ በላይ መራጭ ደገፈው፤ ግን አልበቃም። በ2016 ቀረጡ በግማሽ ተቀንሶ፣ በ1 ሳንቲም ተመለሰ። ገንዘቡም ወደ ከተማው ጠቅላላ ካዝና እንዲገባ ተደረገ። እንዲህ ሲሆን ተራ አብላጫ ድምፅ ይበቃል። አለፈ። ይህን ዘዴ ልብ በሉልኝ።

በዚያው በ2016 ያለፈው የዛፍ ሕግ ለእኔ ከሁሉም የተሳካው ሥራቸው ነው፤ ግን ማንም አያወራለትም። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከ120 ሺህ በላይ የመንገድ ዳር ዛፎች አሉ። ከተማው በጀት ሲያጥረው እነዚህን ዛፎች ደጃፋቸው ላይ ለቆሙባቸው ባለቤቶች እያስረከበ ነበር። ዛፉን አልተከልክም፣ አልፈለግከውም፤ ግን ሥሩ የእግረኛውን መንገድ ሲገነጥለው ጠጋኙ አንተ ነህ። ሰው ተደናቅፎ ቢወድቅ ተከሳሹም አንተ ነህ። የዊነር ሐሳብ ከተማው ዛፉንም የተገነጠለውንም መንገድ መልሶ ይረከብ፣ ለዚህም በየዓመቱ 19 ሚሊዮን ዶላር ይመደብ የሚል ነበር። ከአራት መራጭ ሦስቱ ደገፉት። ማን ይቃወመዋል? ለባለቤቱ ወጪ ይቀንሳል፣ ለእግረኛው መንገድ ይጠገንለታል። አዲስ ግብር አልጠየቀም። ገንዘቡ ከሌላ ሥራ እንደሚነሳ የሚያስበው የበጀት ሰው ብቻ ነው።

በኖቬምበር 2016 ዊነር ለስቴት ሴኔት ተመረጡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ካልሆነ ቀጣዩ አይገባም። መጠጥ ቤት በስንት ሰዓት ይዘጋ? ሌብነት ምን ሲሟላ ነው ወንጀል የሚሆነው? እነዚህን ከተማው አይወስንም። የሚወስነው ስቴቱ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ መንገድ ላይ ያለውን ችግር ለማስተካከል 140 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የስቴቱ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ ድረስ መሄድና የሎስ አንጀለስንም የፍሬዝኖንም ተመራጭ ማሳመን ግድ ነው።

የመኪናውን ጉዳይ እንየው። በ2017 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ መኪኖች ተሰብረው ተዘረፉ። ቤይ ኤሪያ (ሳን ፍራንሲስኮና አካባቢዋ) የሚኖር ሀበሻ ይህን ለማወቅ ቁጥር አያስፈልገውም። ዘመድ ከኤርፖርት ተቀብሎ፣ ሻንጣውን መኪና ውስጥ ትቶ ምሳ ለመብላት መግባት እዚያ አገር አይታሰብም። የሚገርመው ሕጉ ነበር። የካሊፎርኒያ የወንጀል ሕግ መኪና ሰብሮ መዝረፍን የሚገልጸው "በሮቹ ተቆልፈው ሳለ" ብሎ ነው። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ በሮቹ ተቆልፈው እንደነበር ማስረዳት አለበት። የተሰበረ መስታወት ብቻውን አይበቃም።

ነገሩን በተግባር አስቡት። ሌባው መስታወቱን ይሰብራል፣ እጁን አስገብቶ በሩን ከውስጥ ይከፍታል፣ ቦርሳውን ይዞ ይሮጣል። ፖሊስ ሲደርስ በሩ ክፍት ነው። ቆልፌው ነበር ብሎ ሊመሰክር የሚችለው ባለቤቱ ወይም ተከራዩ ነው። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቱሪስት ነው። የክሱ ቀን ሲደርስ ሰውየው አገሩ ገብቶ ሥራው ላይ ነው። ለአንድ ላፕቶፕ ብሎ ማን ከሌላ አገር ተሳፍሮ ይመጣል? መስታወቱ መሬት ላይ ተበትኖ፣ ሌባው በካሜራ ታይቶ፣ ክሱ ይላላል።

ማስተካከያው የጥቂት መስመር ሥራ ነው። ዊነር በ2018 ሴኔት ረቂቅ 916 ብለው አቀረቡት። በ2019 ሴኔት ረቂቅ 23 ብለው ደገሙት። ሁለቱም የወጪ ኮሚቴ ውስጥ ቀሩ። ይህ ኮሚቴ ገንዘብ የሚያስወጡ ረቂቆችን ሰስፔንስ ፋይል በሚባል ማቆያ ውስጥ ያከማቻቸዋል። ከዚያ አንድ ቀን ሰብሳቢው መቶዎቹን ረቂቆች በፍጥነት እያነበበ ያለፈውንና የቀረውን ይናገራል። ክርክር የለም። ለምን ቀረ ተብሎ አይብራራም። የመኪናው ረቂቅ ወጪ የሚባልበት ብዙ ሰው ከተፈረደበት ብዙ ሰው ይታሰራል በሚል ነው። በእነዚያ ዓመታት ደግሞ ካሊፎርኒያ እስረኛ ለመቀነስ ነበር ደፋ ቀና የምትለው። ማንም ቆሞ "ሌባውን እንተወው" አላለም። ረቂቁ በዝምታ ነው የተቀበረው።

በ2024 የሰው ስሜት ተገለበጠ። ፋርማሲዎች ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ሳይቀር መቆለፍ ጀምረው ነበር፤ የሌብነት ጉዳይ ምርጫ የሚወስን ሆነ። ዊነር ያንኑ ሐሳብ 905 በሚለው ቁጥር ይዘው ተመለሱ። በኦገስት 2024 አገረ ገዢ ጋቪን ኒውሰም ከሌሎች የሌብነት ረቂቆች ጋር አንድ ላይ ፈረሙበት። ፊርማው የተደረገው ሳን ሆዜ በሚገኝ ሆም ዲፖ ውስጥ ነው፤ ለካሜራ ታስቦ መሆኑ አይጠፋችሁም። አዲሱ ወንጀል በኃይል መኪና ውስጥ ለስርቆት መግባት ነው። በሩ ተቆልፎ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ቀረ።

ሆኖም ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በጃንዋሪ 2025 ነው። በ2024 የሳን ፍራንሲስኮ የመኪና ዝርፊያ ከዓመቱ በፊት ከነበረው ከግማሽ በላይ ቀንሶ ነበር። ፖሊስ ከ2023 ክረምት ወዲህ ማጥመጃ መኪና እያቆመ ተደራጅተው የሚሰሩትን ይለቅም ጀምሯል። ስለዚህ ቅነሳውን ለ905 መስጠት አያስኬድም። ሕጉ ትክክል ነው፣ ቀድሞም መውጣት ነበረበት። ግን የደረሰው እሳቱ በርዶ ነው።

የላስት ኮሉ፣ ማለትም የመጠጥ ሽያጭ ማብቂያ ሰዓቱ፣ ታሪክ በተቃራኒው ሄደ። ካሊፎርኒያ ውስጥ መጠጥ መሸጥ የሚቆመው በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 8 ላይ ነው። ኒው ዮርክ 10 ሰዓት ድረስ ይሸጣል። ዊነር ሁሉም ከተማ ይክፈት አላሉም። የፈለገ ከተማ እስከ 10 ሰዓት መፍቀድ ይችል ነው ያሉት። በ2017 ሴኔት ረቂቅ 384 ብለው ለመላው ስቴት አቀረቡት። ሁለተኛው የስቴቱ ምክር ቤት፣ አሰምብሊው ውስጥ ተሰነካከለ። ከዚያ የሆነው ጉድ ነው፤ የ384 ይዘት ወጣና የወሲብ ወንጀለኞችን ምዝገባ የሚያስተካክል ሌላ የዊነር ሕግ ተሞላበት። እሱ አለፈ። ዛሬ 384ን ፈልጎ የሚያነብ ሰው ስለ ቢራ አንድም ቃል አያገኝም።

በ2018 የመጀመሪያው 905 መጣ። አሁን መላው ስቴት ቀርቶ ዘጠኝ ከተሞች ብቻ፣ ለሙከራ። ሁለቱም ምክር ቤቶች አጸደቁት። አገረ ገዢ ጄሪ ብራውን ግን መለሱት። ከእኩለ ሌሊት እስከ 8 ሰዓት ያለው ረብሻ ይበቃናል፣ ሌላ ሁለት ሰዓት ትርምስ አንጨምርም፣ ነው የመልሳቸው መንፈስ። ከ1913 ጀምሮ የኖረ ገደብ መሆኑንም አስታወሱ። በ2019 ሴኔት ረቂቅ 58 መጣ፤ እሱም አሰምብሊ ውስጥ ወደቀ። በ2022 ሴኔት ረቂቅ 930 መጣ። ሰባት ከተማ ይዞ ጀመረ፤ እየተቀነሰ እየተቀነሰ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ዌስት ሆሊውድና ፓልም ስፕሪንግስ ብቻ ቀሩ። ሦስት ከተማም ሆኖ አልተዋጠም። አሰምብሊው ድምፅ ነፈገው።

ተቃዋሚዎቹን አሽሟጥጦ ማለፍ ይቀላል። ግን አንድ ውሃ የሚያነሳ ክርክር ነበራቸው። አንድ ከተማ በራሱ ሲወስን ጦሱ እዚያው አይቀርም ይላሉ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እስከ 10 ሰዓት የጠጣ ሰው የሚነዳው ወደ ኦክላንድ ወይም ወደ ሳን ማቴዮ ነው። አደጋው፣ አምቡላንሱ፣ የአውራ ጎዳና ፖሊሱ ድካም ባልፈቀደው ከተማ ላይ ይወድቃል። ዊነር "የከተማው ምርጫ ነው" ሲሉ ይህን አልመለሱም። የሚገርመው፣ በቤት ግንባታ ጉዳይ ላይ የራሳቸው መከራከሪያ ተቃራኒው ነው። እዚያ "የአንድ ከተማ ውሳኔ ጎረቤቱን ይጎዳል፣ ስለዚህ ስቴቱ ይግባ" ነው የሚሉት።

ሰዓቱ እምቢ ሲል ቦታው ተሞከረ። በ2023 የወጣው ሴኔት ረቂቅ 76 ሳን ፍራንሲስኮ የመዝናኛ ቀጠና እንድትከልል ፈቀደ። ከተማው የፈቀደው ዝግጅት ሲኖር ከመጠጥ ቤቱ የገዛኸውን ቢራ ይዘህ መንገዱ ላይ መቆም ትችላለህ። ቀድሞ መንገድ ላይ መሸጥ የሚችለው ከውጭ የመጣ ድንኳን ነበር፤ ኪራይ እየከፈለ ዓመቱን ሙሉ ክፍት የሚውለው መጠጥ ቤት በሩን ከፍቶ ድግሱን ማየት ብቻ ነበር ዕጣው። የመጀመሪያው ቀጠና በሴፕቴምበር 2024 መሀል ከተማ ፍሮንት ስትሪት ላይ ተከፈተ። ከኮቪድ በኋላ ቢሮው ባዶ በቀረበት ሰፈር ሰው ቢራውን ይዞ አስፋልት ላይ ቆመ። በዚያው ዓመት ሌላ ረቂቅ፣ 969፣ ለመላው ስቴት ከፈተው። የመዝጊያው ሰዓት ግን ያው 8 ነው። የሚነዳ ሰካራም የፈሩትም፣ ደንበኛ የራባቸው ባለ መጠጥ ቤቶችም ብዙ ሳይጣሉ አለፈ።

የፍጥነቱ ረቂቅ መጨረሻው ባያምርም ጥሩ ማሳያ ነው። በ2024 መጀመሪያ ላይ 961 ሲቀርብ አዲስ መኪና ከተፈቀደው ፍጥነት በ10 ማይል በላይ እንዳይሄድ የሚገድብ መሣሪያ ይግጠም የሚል ነበር። ጩኸቱ ሰማይ ነካ። ስለዚህ ገደቡ ቀርቶ "ጢጥ" የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻ ሆነ፤ እሱም ከ2030 ጀምሮ። አውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 2024 ወዲህ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ተመሳሳይ ነገር አስገድዷል። ኒውሰም ግን የመኪና ደህንነት የፌዴራል መንግሥት ሥራ ነው ብለው መለሱት። ጢጥታዋም ቀረች። ከአሁን በኋላ አንሶ የሚመጣ ነገር ስለሌለ እንዴት እንደሚመለሱበት ለማየት ጓጉቻለሁ።

ቤት ራሱን የቻለ ረጅም ታሪክ ነው፤ እዚህ ለንጽጽር ያህል ብቻ። በባቡር ጣቢያ አካባቢ ረጃጅም አፓርታማ ይፈቀድ የሚለው 827 በኤፕሪል 2018 ኮሚቴ ውስጥ ወደቀ። ተተኪው ረቂቅ 50 በጃንዋሪ 2020 ከሚያስፈልገው 21 ድምፅ 18 አግኝቶ ቀረ። በኦክቶበር 2025 ግን 79 ተፈረመ። ጣቢያ አጠገብ እስከ ዘጠኝ ፎቅ ይፈቅዳል፤ ግን ባቡር በብዛት ባለባቸው ስምንት ካውንቲዎች ብቻ። ሰባት ዓመት ተኩል የፈጀ ትግል ነው። በዚያው ወር ዊነር ለኮንግረስ እንደሚወዳደሩ አስታወቁ፤ ናንሲ ፔሎሲ ለያዙት ወንበር።

የቀረው 357 ነው። ይሄ ከሌሎቹ ይለያል፤ ሳያንስ፣ ሙሉውን ያለፈ ነው። ለሴተኛ አዳሪነት አስቦ መንገድ ላይ መቆምን ወንጀል የሚያደርገውን ድንጋጌ ሰረዘ። ምክንያቱ ከባድ ነበር። ፖሊስ ሴቶችን በአለባበሳቸውና በቆሙበት ቦታ ብቻ ይይዝ ነበር፤ ተያዦቹም በብዛት ጥቁር ሴቶችና ትራንስ ሴቶች ነበሩ። ምክር ቤቱ በሴፕቴምበር 2021 አጸደቀው። ዊነር ራሳቸው ወደ አገረ ገዢው ሳይልኩት ወራት አቆዩት፤ ያለፈ ረቂቅ በአቅራቢው እጅ እንዲህ ሲቆይ ብዙ ጊዜ አይታይም። በጁላይ 2022 ተፈረመ፣ በጃንዋሪ 2023 ሥራ ላይ ዋለ።

በወሩ ሚሽን ሰፈር ያለው ካፕ ስትሪት ወሬ ሆነ። ሌሊቱን ሙሉ የደንበኛ መኪና እየተግተለተለ እንቅልፍ ያጡ ነዋሪዎች ጮኹ። ከተማው በፌብሩዋሪ 2023 መንገዱን በማገጃ ዘጋ። የዊነር ደጋፊዎች ካፕ ስትሪት ከብዙ አሥርት ዓመታት ጀምሮ እንዲሁ ነው አሉ። እውነታቸውን ነው። ነዋሪው ደግሞ ፖሊስ "ሕጉ ተሰርዟል፣ ምን ላድርግ" የሚልበት ጊዜ መጣ አለ። እሱም እውነቱን ነው። ዛፍን የሚያስጠግን፣ ለተሰበረ መስታወት ስድስት ዓመት የሚታገል ሴናተር እዚህ ላይ የነዋሪውን ሌሊት አሳንሶ ያየ ይመስለኛል። የተያዙትን ሴቶች በደል ማስቆምና መንገዱን ማሰብ አብረው የሚሄዱ ነገሮች ነበሩ።

በ2025 ማጊ ክሬል የሚባሉ የአሰምብሊ አባል፣ የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ፣ ረቂቅ 379ን አቀረቡ። ወሲብ ለመግዛት አስቦ መንገድ ላይ መዞርን ወንጀል ያደርጋል። ኒውሰም በጁላይ ፈረሙት። ሴቶቹን የሚያሲዘው የድሮ ድንጋጌ እንደተሰረዘ ነው። አሁን የሚያዘው መኪናውን እያዘገመ መስኮቱን ዝቅ የሚያደርገው ሰውዬ ነው።